ከጋቢው ስር የበራው ስልክ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም እየሸጥኩ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ። ባለቤቴ መተማ ነው የሚሠራው፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይመጣል። ትልቁ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ 8ኛ ክፍል። ኖት በቴሌግራም ነው የሚላክልን ስላለኝ ዕቁብ ሲደርሰኝ ስልክ ገዛሁለት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሌሊት 10 ሰዓት ለኪዳን ስነሳ ከጋቢው ስር ብርሃን አየሁ። ብገልጠው የማይታይ ነገር፣ የወሲብ ፊልም ነው የሚያየው። በቀበቶ መታሁት። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም። ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ አይበላም። ሰንበት ትምህርት ቤትም ቀርቷል። ብቻ ጠዋት ጠዋት ስነቃ ጀሪካኖቹን ሞልቶ አስቀምጧቸው አገኛለሁ። ልጄ ተበላሸ ማለት ነው? ጠበል ልውሰደው? ለአባቱ ልንገረው? አባቱ ከሰማ ይገድለዋል።»

እህቴ፣ ልጅሽ አልተበላሸም። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳሽ ጥያቄ ይህ ስለሆነ እሱን አስቀደምኩልሽ።

ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ድምፁ እየጎረነነ፣ ሰውነቱ እየተለወጠ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ ያልነገረውን ነገር ማወቅ ፈለገ። ድሮም ልጅ ይፈልጋል። በእኛ ጊዜ ፈልጎ የሚያገኘው የጓደኛ ወሬ ነበር፤ ግማሹ ውሸት። ኋላ ቪዲዮ ቤቶች መጡ፤ ማታ ማታ የወሲብ ፊልም የሚያሳዩም ነበሩባቸው። እኔ አስተማሪ ስለነበርኩ የትኞቹ ተማሪዎቼ እንደሚገቡ አውቅ ነበር። ለምን አወቅሁ? በር ስለነበረው ነው። በሩ ላይ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ። ሰፈርተኛ ያልፋል። «የእገሊት ልጅ እዚያ ገባ» ተብሎ ሳይመሽ እናቱ ጆሮ ይደርሳል። ዛሬ በሩ የለም። ልጅሽ ከመኝታው ሳይነሳ፣ ጋቢውን ሳይገልጥ፣ ሳንቲም ሳይከፍል ያየዋል።

ሁልጊዜም ፈልጎ አይደለም የሚያገኘው። አሜሪካ ውስጥ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ተጠይቀው ነበር። 73 በመቶው ፖርን (የወሲብ ፊልም) አይተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩበት አማካይ ዕድሜ 12 ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሳይፈልጉት እንደገጠማቸው ተናግረዋል። የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር በቀጣዩ ዓመት ባወጣችው ጥናት ደግሞ፣ ወጣቶቹ በብዛት ያዩት ለዚያ በተሠሩ ድረ ገጾች ላይ እንኳ አልነበረም። ዛሬ ኤክስ በሚባለው ትዊተር ላይ ነው። አገሩ ሌላ ነው፣ ስልኩ ግን ያው ስልክ ነው። እኛ ጋ የትዊተርን ቦታ ቴሌግራም ይዞታል። ልጅሽ ኖት የሚቀበልበት ቴሌግራም እና ያን ሌሊት ያየሽውን ነገር የሚያመጣው ቴሌግራም አንድ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛ ወደ አንድ ግሩፕ ያስገባዋል፣ በቃ። ስልክ ገዛሁለት ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ለትምህርቱ ብለሽ ነው የገዛሽው።

ቁልፍ ብቻውን እንደማይጠብቀውም ልንገርሽ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ነበር። ያኔ ስንቱ ልጅ የተዘጋውን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን መጫን ተማረ! በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከነጭራሹ ጠፋ፤ ለወራት። ፊልሙ ጠፋ? አልጠፋም። ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚሞሪ ካርድ ይዞር ነበር። አንቺ ሳጥን ውስጥ የቆለፍሽው አንድ ስልክ ነው። የጓደኞቹ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ታዲያ ምንም አይጎዳውም ማለቴ እንዳይመስልሽ። ይጎዳል። አንዳንዴ «ወጣትነት ነው፣ ያልፋል» የሚሉ ወላጆች ይገጥሙኛል። እኔ እንደዚያ አላስብም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሚማረው ነገር ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ማንም ማንንም አይጠይቅም። «እሺ» የለም፣ «እምቢ» የለም፣ «ደከመኝ» የለም። ሴቲቱ ትመታለች፣ ትታነቃለች፣ ከዚያ ደግሞ ፈገግ ትላለች። በዚያው በእንግሊዙ ጥናት ከተጠየቁት ወጣቶች 79 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ጥቃት ያለበትን ዓይነት አይተዋል። ትልቅ ሰው ሲያየው ቀረጻ እንደሆነ ያውቃል። ተዋንያኑ ተከፍሏቸው እንደሆነ፣ ተቆርጦ እንደተቀጠለ፣ አንዳንዷም ተገድዳ ወይም ሳታውቅ ተቀርጻ ሊሆን እንደሚችል ያስባል። የ14 ዓመት ልጅ ግን ሌላ የሚያወዳድረው ነገር የለውም። ወንድና ሴት እንዲህ ናቸው ማለት ነው ብሎ ይቀበላል። የራሱን ሰውነት ከዚያ ጋር እያስተያየ ይንቃል። ሴት ልጅ ስታወራው ፊቷን አያይም።

አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ጎበዝ፣ ጨዋ ልጅ። ከሴት ልጆች ጋር በቡድን መሥራት እምቢ አለ። ትዕቢት መስሎኝ ተቆጣሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የነገረኝ። «ቲቸር፣ ቀና ብዬ ሳያቸው ያ ያየሁት ነገር ይመጣብኛል፤ አፍራለሁ» አለ። ልጁ ለማንም ክፉ አላሰበም። ጭንቅላቱ ውስጥ ያልጋበዘው ነገር ገብቶ መውጫ አሳጥቶት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈሰም።

ሌላው ልማዱ ነው። አዲስና ደስ የሚል ነገር ስናገኝ አንጎላችን «እንደገና፣ እንደገና» የሚያሰኝ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ስልኩ ላይ ደግሞ ጣት በነካ ቁጥር አዲስ ነገር ይመጣል፤ ማለቂያ የለውም። «በቃህ» የሚለን የአንጎል ክፍል ከግንባራችን ጀርባ ያለው ነው። እሱ በስሎ የሚጨርሰው 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው። ፈረሱ ደርሷል፣ ልጓሙ ገና ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ድረስ ዓይኑን ያልከደነ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ምን ይገባዋል? ውጤቱ ወርዶ ከሆነ ከስንፍናው በፊት እንቅልፉን ጠይቂ።

ግን እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያስፈራኝ ፊልሙ አይደለም። ቀና ብሎ አያየኝም ያልሽው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ አለው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ መዝገብ ውስጥ፣ የወሲብ ፍላጎቱን መግታት ያቃተው ሰው የሚታከምበት ችግር ተካቷል። ሆኖም እንዲያው በቀላሉ አይለጥፉበትም። ነገሩ ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ሰውየው ልተው ብሎ ያቃተው፣ ትምህርቱን ወይም ኑሮውን ያናጋበት መሆን አለበት። ኃጢአት ሠራሁ ብሎ ስለተጨነቀ ብቻ ሰው በሽተኛ አይባልም፤ ይህም ተጽፏል። በጥናትም የታየ ነገር አለ፦ ነገሩን አጥብቀው የሚያወግዙ ሰዎች የሚያዩት ጥቂት ቢሆን እንኳ ራሳቸውን ሱሰኛ ነኝ ብለው ያምናሉ። ይህን የምልሽ ኃጢአት አይደለም ለማለት አይደለም። እኔም እንዳንቺው ኪዳን አስቀድሳለሁ። ሐፍረት ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ግን በተማሪዎቼ አይቻለሁ። ልጁ ያፍራል። ሲያፍር ከሰው ይርቃል። ብቻውን ሲሆን ሌሊቱ ይረዝምበታል። ያ ሌሊት የሚያስረሳው ነገር ይፈልጋል፤ የሚያውቀው ማስረሻ ደግሞ አንድ ነው። ከዚያ እንደገና ያፍራል።

ሰንበት ትምህርት ቤት የቀረውም እምነቱ ጠፍቶበት አይመስለኝም። ረክሻለሁ ብሎ ነው። ከመዘምራኑ ጋር መቆም አይገባኝም ብሎ ራሱን አውጥቷል።

ቀበቶው ስህተት ነበር። እንዲህ በግልጽ ስጽፍልሽ ከፍ ብዬ አይደለም። ልጄ 11 ዓመቷ ሳለች ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አንብባ «እማዬ፣ ኮንዶም ምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መንገድ ላይ ነበርን። በጥፊ መታኋት። ሰው ሰምቶ ይሆን ብዬ ነው የደነገጥኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሰውነቷ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። የወር አበባዋ ሲመጣ እንኳ የነገረችው ለጎረቤት ነበር። ያ ጥፊ ዛሬም እጄ ላይ አለ። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፣ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ይቅር ብላኛለች። ያመለጠኝን ዓመት ግን ማን ይመልስልኛል? አንቺ ገና ሦስት ሳምንትሽ ነው።

ስለዚህ መጀመር ያለብሽ አንቺ ነሽ። እሱ አይጀምርም፤ አይችልም።

ይቅርታ ጠይቂው። ሽማግሌ ፊት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ማለት እናውቅበታለን። ለወለድነው ልጅ ሲሆን አፋችን ይተሳሰራል። ክብሬ ይቀንሳል ብለሽ አትፍሪ። ቤት ውስጥ፣ ታናናሾቹ ፊት፣ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ እንደ ችሎት አታድርጊው። መንገድ ላይ ይሻላል። ከገበያ ዕቃ ስታሸክሚው፣ ወይም ወደ ቁስቋም ዳገቱን አብራችሁ ስትወጡ። ዳገት ላይ ሁለታችሁም የምታዩት መንገዱን ነው። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። ዝም ብትባባሉም የደከማችሁ ይመስላል እንጂ የተጣላችሁ አይመስልም።

ቃል ከቸገረሽ እኔ ላበድርሽ። «የዚያን ሌሊት ደንግጬ ነው የመታሁህ። መምታት አልነበረብኝም፤ ይቅር በለኝ።» ከዚያ ቆይተሽ፦ «ያየኸውን ማወቅ የፈለግኸው ክፉ ልጅ ስለሆንክ አይደለም። በአንተ ዕድሜ ሁሉም ማወቅ ይፈልጋል። ግን ያ ፊልም ውሸት ነው። ሰው ከሚወደው ጋር እንደዚያ አይደለም።» ከዚያ በኋላ ዝም በይ። መልስ አትጠብቂ። የመጀመሪያ ቀን «እሺ» ብቻ ቢልሽ ብዙ ነው። በአንድ ቀን የሚያልቅ ወሬ አይደለም። በሳምንቱ ትንሽ፣ በወሩ ትንሽ።

ሲከፈትልሽ ደግሞ የሚያስፈልገውን ንገሪው። ሕልመ ሌሊት የሚባለው ነገር የደረሰ ልጅ ሁሉ የሚያጋጥመው እንደሆነ ንገሪው፤ ታመምኩ ብሎ በልቡ የሚሸበር ልጅ ብዙ ነው። ሴት ልጅ «እምቢ» ካለች እምቢ እንደሆነ ንገሪው፤ ዝም ካለችም እሺ እንዳልሆነ። ከእናት አፍ መስማት ከከበደው፣ ወይም አንቺ መናገሩ ካቃተሽ፣ አንድ ልብ ያለው አጎት ፈልጊ። የሚስቅበት፣ ለሚስቱ የሚያወራ አጎት ሳይሆን።

አንድ ነገር ሳትጠይቂው እንዳታልፊ። በእርጋታ «የራስህን ፎቶ ላክ ያለህ ሰው አለ? ገንዘብ አምጣ የሚልህ አለ? ይህን መጀመሪያ ያሳየህ ትልቅ ሰው ነው?» በይው። ሴት መስለው ቀርበው፣ ፎቶ አስልከው፣ ከዚያ «ለትምህርት ቤትህ እበትነዋለሁ» የሚሉ አሉ። ልጆች በዚህ ፍርሃት ራሳቸውን እስከመጉዳት ደርሰዋል። ልጅሽ አዎ ካለሽ አትጩሂ። ምንም እንዳይከፍል፣ መልእክቱንም እንዳያጠፋ አድርጊ፤ ማስረጃ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚታይበትን የወሲብ ምስል መሥራትም፣ ማሰራጨትም፣ መያዝም ወንጀል ያደርገዋል። ፖሊስ ጋ ስትሄጂ ልጅሽ ተበዳይ ሆኖ ነው የሚሄደው። ራሱም የክፍል ጓደኛውን ፎቶ ተቀብሎ ወደ ሌላ መላክ እንደማይችል ይወቅ። እንዲህ ያለ ፎቶ የወጣባት ሴት ልጅ ትምህርቷን ጥላ ስትጠፋ አይቻለሁ። ወንዶቹ ግን በማግስቱ ክፍል ነበሩ። ይህን ለልጅሽ ንገሪው፤ ይገባዋል።

ስልኩ ሳጥን ውስጥ አይቅር። ፈተናው እየደረሰ ነው፤ ደግሞም የሚደበቅ ስልክ ከሚታይ ስልክ ይከፋል። ይቅርታ ከተጠያየቃችሁ በኋላ መልሺለት፤ ከስምምነት ጋር። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው አንቺ መኝታ አጠገብ ይሁን። የአንቺም ስልክ እዚያው ይደር፤ ቅጣት እንዳይመስለው። ይህች ብቻዋን ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች፤ ነገሩ የሚሆነው ሌሊትና ብቻ ሲሆኑ ነውና። ቴሌግራሙ ላይ የማያውቀው ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳያስገባው ማድረግ ይቻላል፤ ፕራይቬሲ የሚለው ውስጥ አለ። ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም ይዘጋል። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ በሚባለው ቦታ ደግሞ ክላውድፌር የሚባል ድርጅት የሠራው የቤተሰብ ማጣሪያ ይገባል፤ በነፃ ነው፣ ብዙዎቹን የወሲብ ድረ ገጾች ይዘጋል። ስልክ የሚጠግን ልጅ በአምስት ደቂቃ ይሠራልሻል። የቴሌግራሙን ግን አይዘጋልሽም፣ ቪፒኤን የለመደ ልጅም ያልፈዋል። ስለዚህ ተደብቀሽ አታስደርጊው። አብሮሽ ይሂድ፣ ራሱ ያስተካክለው። የታናናሾቹም ስልክ ሲመጣ እሱ ያስተካክልላቸዋል።

ስለ ጠበሉ ጠይቀሽኛል። ጠበል አትውሰጂው አልልሽም፤ ማን ነኝና። ግን ለምን እንደምትወስጂው እሱ ምን ይረዳል? ሰይጣን ይዞሃል ተብሎ ሰው ሁሉ እያየው ከተወሰደ፣ እኔ ሰው አይደለሁም ብሎ ይደመድማል። እንደ ቤተሰብ፣ ታናናሾቹም አንቺም ሆናችሁ ከሄዳችሁ ሌላ ነው። የንስሐ አባታችሁ ገር ሰው ከሆኑ እሳቸው ጋ ራሱ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ሄዶ ምን እንዳለ ግን አትጠይቂው። አንቺም ቀድመሽ አትንገሪያቸው።

አባቱን በተመለከተ፣ በስልክ አትንገሪው። መተማ ሆኖ ሰምቶ ምን ሊያደርግ ይችላል? ንዴቱን ይዞ ይከርምና ለበዓል ሲመጣ ያወርደዋል። ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ ንገሪው፤ ከባልሽ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት ግን ለልጁ «ለአባትህ እነግረዋለሁ፣ እንዳይመታህም እኔ አለሁ» በይው። ባልሽ ሲቆጣ፣ እሱም 14 ዓመት ሆኖት እንደነበር አስታውሺው። አባት በሌለበት ቤት ወንድ ልጅ ስለ ወንድነት ከማን ይማር? እግረ መንገድሽን ይህንንም ጠይቂው።

ከወራት በኋላም መተው ካቃተው፣ ከትምህርት ቤት መቅረት ከጀመረ፣ እየከሳና እየጨለመ ከሄደ፣ ወይም መሞት ይሻለኛል የሚል ቃል ከወጣው፣ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እብድ ብቻ ነው የሚሄደው የሚሉሽን አትስሚ። ለታናናሾቹ ሲያሳይ ካገኘሽውም እንዲሁ ወዲያው ባለሙያ አማክሪ።

አሁን ግን እዚያ አልደረሳችሁም። ለምን እንደምል ልንገርሽ። ቀና ብሎ የማያይሽ ልጅ፣ ከትሪሽ የማይበላ ልጅ፣ የጎንደር ውኃ በፈለገው ሰዓት ሲመጣ ሳትነሺ ተነስቶ ጀሪካንሽን ይሞላል። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንዲት መስመር ነው ያለፍሽው። እኔ እዚያች መስመር ላይ ነው የቆየሁት። ልጅሽ በአፉ ማለት ያቃተውን በእጁ እያለ ነው።

ነገ ቀድመሽው ተነሺ። ቧንቧው ጋ ጠብቂው። አንዱን ጀሪካን አንቺ ያዢለት።